ትንሽ እና ረከስ ያለ ኤስኤስዲ ለቆየ ላፕቶፕ፣ የቱን ልግዛ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ላፕቶፕሽ እ.ኤ.አ. 2015 አካባቢ የተሠራ ነው፣ አምስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው። ዊንዶውስ 10 እስኪነሳ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አትፈልጊም፣ 120፣ 240 እና 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ) አይተሻል፣ አንዱ ላይ 550 ሌላው ላይ 3500 ሜጋባይት በሰከንድ የሚል ፍጥነት ተጽፏል፣ ደሞ የሆነ ሰው "ርካሾቹ ዲራም የላቸውም፣ ባመት ውስጥ ይሞታሉ" ብሎሻል (ዲራም ኤስኤስዲው ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ ነው፣ እመጣበታለሁ)። የቱን ልግዛ ነው ያልሽው።

መልሱን ላስቀድም። 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ (ሳታ አሁን ያለው ሃርድ ዲስክሽም የሚሰካበት የሶኬት አይነት ነው)፣ ከ240 ጊጋ ያላነሰ፣ አቅምሽ ትንሽ ከፈቀደ 480፣ ከሚታወቅ ብራንድ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፍጥነት ቁጥር ተዪው። በጀትሽ ትንሽ ሲሆን ገንዘብሽ መሄድ ያለበት ቦታው ላይ እና ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቅ ዲስክ ላይ ነው፣ ፍጥነቱንማ ረከስ ያለውም ይሰጥሻል።

ለምን መሰለሽ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን እና እሱ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚል ማንበቢያ አለ። ያንቺ አይነት ላፕቶፕ ላይ በብዛት የሚገጠመው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው ነው፣ አንዴ ለመዞር ብቻ 11 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል፣ ማንበቢያው ቦታው እስኪደርስ የሚፈጀው ደሞ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው አንድ ትልቅ ፋይል ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፣ ግን የሚያነበው እዚም እዛም የተበተኑ በሺ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው፣ ለእያንዳንዱ ደሞ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ትልቅ ፊልም ሲገለብጥ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚሄደው ዲስክ እዚህ ስራ ላይ በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳን መሙላት ያቅተዋል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ የተፈለገውን በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያገኘዋል፣ ርካሽ የሚባለው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳን ትናንሽ ፋይል ላይ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ያነባል። ሰው ኤስኤስዲ አስገብቶ "ኮምፒውተሬ ሌላ ሆነ" የሚለው በዚች ልዩነት ነው፣ 550 በሚለው ቁጥር አይደለም።

አሁን 3500 የሚለውን እንይ፣ እሱ ኤንቪኤምኢ ነው፣ ከሳታ በተለየ እና በፈጠነ መንገድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ። ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ እውነትም ከሳታው 6 እጥፍ ይፈጥናል፣ ትናንሽ ፋይል ላይ ስትመጪ ግን ልዩነቱ እጥፍ ቢሆን ነው። ዊንዶውስ ለማስነሳት፣ ብራውዘር ለመክፈት፣ ወርድ እና ኤክሴል ለመስራት ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ትቸገሪያለሽ። ትልልቅ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ወይ ቀኑን ሙሉ መቶ ጊጋ ሲገለብጥ የሚውል ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ኤንቪኤምኢ ይግዛ።

ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ደሞ ከፍጥነት በፊት ይገባል ወይ የሚለው ይቀድማል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ካርድ የሚመስለው ቅርጽ ነው፣ ቅርጽ ብቻ። ውስጡ ሳታም ሊሆን ይችላል ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል፣ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ካርዱን አገላብጠሽ ወርቃማ እግሮቹ ያሉበትን ጫፍ እዪው፣ ሁለት ቦታ ክፍተት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ክፍተት ብቻ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት ሁለት ክፍተት ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ማረጋገጫ ስቲከሩ ላይ የተጻፈው ነው እንጂ ክፍተቱ አይደለም። ሳታ ብቻ የሚቀበል ስሎት ላይ ኤንቪኤምኢ ብትሰኪ ላፕቶፑ ጭራሽ አያየውም፣ የተበላሸ እቃ የሸጡሽ ይመስልሻል። በዛ ዘመን የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ኤም ዶት ቱ ስሎት ቢኖራቸውም ሳታ ብቻ ነው የሚያነቡት፣ አንዳንዶቹ ላይ ደሞ ስሎት መስሎ የሚታየው የዋይፋይ ካርዱ ቦታ ነው፣ እዛ ላይ ኤስኤስዲ አይሰራም። ኤንቪኤምኢውን ቢያየው እንኳን ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ የሚሰራው ፕሮግራም) ከእሱ ዊንዶውስ ማስነሳት ላይችል ይችላል። ርዝመትም አለ፣ 2280 ማለት 22 ሚሊሜትር ወርድ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ነው፣ 2242 ለሚቀበል ቦታ 2280 አይገባም።

ይሄን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀርልሽ 2.5 ኢንቹ ነው። አሁን ያለው ሃርድ ዲስክሽ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ያው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሌላ ነገር አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አስተውዪ፣ ኤስኤስዲው ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፣ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ቦታቸው የተሰራው ለ9.5 ነው፣ እንደዛ ከሆነ ልል እንዳይሆን ዳር ዳሩን የምትሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ፍሬም አለች፣ አንዳንድ ኤስኤስዲ ከነሷ ይመጣል። ያንቺ ላፕቶፕ ሳታ 3 ስለሆነ የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ይጠቀማል። ሳታ 2 ብቻ ያለው ከ2010 በፊት የነበረ ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ካለ ደሞ እሱም አይፍራ፣ ከፍተኛው ፍጥነት ወደ 280 ይወርዳል እንጂ ትናንሽ ፋይል ላይ ያለው ጥቅም አይሄድበትም።

ወደ መጠኑ። 120 ጊጋውን አትግዢ፣ ዋጋው ልብ ቢያማልልም። ሳጥኑ ላይ 120 ያለው ዊንዶውስ ውስጥ 111 ሆኖ ነው የሚታይሽ (ማንም ሰርቆሽ አይደለም፣ ፋብሪካው 1 ጊጋን 1000 ሜጋ ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ 1024 ብሎ)፣ ከዛ ላይ ዊንዶውስ ራሱ፣ የአፕዴት ፋይሎቹ፣ ራም ሲሞላ የሚጠቀምበት ፋይል፣ ሃይበርኔት የሚያደርግበት ፋይል ሲቀነሱ፣ ኦፊስ እና አንድ ሁለት ፕሮግራም ሲጨመር፣ ሳይታወቅሽ ግማሹ አልቋል። ከዛ በኋላ ሁሌ ፋይል እያጠፉ መኖር ነው። 240ው 223 ሆኖ ይታያል፣ 480ው 447። ፎቶ እና ፊልም ሌላ ቦታ ለሚያስቀምጥ ሰው 240 ይበቃል፣ ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ ለሚያደርግ ሰው 480 ነው ልኩ።

ትንሹን የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለ፣ ብዙ ጊዜ የማይነገር። ኤስኤስዲ የሚፈጥነው ኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚመራው ቺፕ) ብዙ የፍላሽ ቁራጮች (ዳታው የሚቀመጥባቸው) ላይ ባንዴ ስለሚጽፍ ነው። አንዱ ቁራጭ 64 ጊጋ ቢሆን 120 ጊጋው ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ 480ው ውስጥ ግን ስምንት። ስለዚህ ስማቸው አንድ ሆኖ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ፣ ሲጽፉ ትንሹ በጣም ይንቀራፈፋል። ሲሞላ ደሞ ይብሳል። እነዚህ ዲስኮች የሚመጣላቸውን ዳታ መጀመሪያ ፈጣን በሆነች ትንሽ ቦታ ተቀብለው በኋላ ቀስ ብለው ወደ ዋናው ያዛውራሉ፣ ርካሾቹ ላይ ያቺ ፈጣን ቦታ የምትገኘው ባዶ ከሆነው ክፍል ነው፣ ባዶ ቦታ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች። ለዚህ ነው ዲስኩን እስከ አፉ አትሙዪው የሚባለው፣ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ባዶ ይሁን። 240 ላይ ይሄን ማድረግ ይቻላል፣ 120 ላይ ማን ይችላል።

ስለ ፍላሹ አይነት ካነሳን፣ ቲኤልሲ አንድ ሴል (የፍላሹ ትንሿ ክፍል) ላይ 3 ቢት ይይዛል፣ ኪውኤልሲ 4። ኪውኤልሲ ርካሽ ነው ግን ያቺ ፈጣን ቦታ ስታልቅበት ፍጥነቱ ገደል ይገባል፣ ሳምሰንግ ራሱ 870 ኪውቪኦ የሚባለው 1 ቴራው በዛ ሰአት በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት እንደሚወርድ በመግለጫው ጽፎታል፣ ይሄ እንግዲህ ሃርድ ዲስክ በለው። ለማንበብ ግን ምንም አይልም። ምርጫ ካለሽ ቲኤልሲ ውሰጂ፣ ኪውኤልሲ ብቻ ካገኘሽ ደሞ ላንቺ ስራ አያስለቅስሽም።

የዲራሙ ነገር እውነት አለው፣ ግን ተጋኗል። ኤስኤስዲው የትኛው ዳታ የትኛው ፍላሽ ላይ እንዳለ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው፣ ልክ እንደ መጽሐፍ ማውጫ። ለ1 ጊጋ ዳታ 1 ሜጋ ያህል ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ዲራም ያለው ኤስኤስዲ ሙሉ ማውጫውን ፈጣን ሚሞሪ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፣ የሌለው ደሞ የተወሰነውን ብቻ ይይዝና ሌላውን በፈለገ ቁጥር ከፍላሹ ላይ እየሄደ ያነባል። ኤንቪኤምኢዎቹ ዲራም ባይኖራቸውም ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ጥቂት ሜጋ ይበደራሉ፣ ሳታ ይሄን ማድረግ አይችልም። ይሄ ልዩነት የሚታይሽ መቼ ነው፣ ትልቅ ዲስክ ላይ፣ ብዙ ፕሮግራም ባንዴ እየጻፈ ሲያጨናንቀው ነው። 240 ጊጋ ላይ ማውጫው ራሱ ትንሽ ነው፣ የቢሮ እና የትምህርት ስራ ላይ ያለዲራም በሰላም ትሰሪያለሽ። ዲራም ያለው ከፈለግሽ ከሳታዎቹ ውስጥ የሳምሰንግ 870 ኢቮ እና የክሩሻል ኤምኤክስ500 በዚህ ይታወቃሉ፣ ሁለቱም ቲኤልሲ ናቸው፣ ዋስትናቸውም 5 አመት ነው። የኪንግስተን ኤ400 እና የክሩሻል ቢኤክስ500 ዲራም የላቸውም፣ ዋስትናቸው 3 አመት ነው፣ ረከስ ይላሉ። ዋጋው ከተቀራረበ ሳታስቢ ኢቮውን ወይ ኤምኤክሱን ያዢ፣ ካልተቀራረበ ግን በልዩነቱ መጠኑን ከ240 ወደ 480 ማሳደግ ይሻልሻል ባይ ነኝ፣ እዚህ ላይ የማይስማሙኝ ባለሙያዎች አሉ አውቃለሁ፣ ግን ቦታ ያጠረው ሰው ሲሰቃይ እንጂ ዲራም ያጣ ሰው ሲሰቃይ ብዙም አላየሁም።

ባመት ይሞታል ላለሽ ሰው ደሞ ሂሳቡን አሳዪው። የኤ400 240 ጊጋው ፋብሪካው የሰጠው የመጻፍ አቅም (በእድሜው ሙሉ የሚጻፍበት ጠቅላላ ዳታ) 80 ቴራ ነው፣ ማለትም 80,000 ጊጋ። ተራ ተጠቃሚ በቀን 20 ጊጋ ይጽፋል እንበል፣ እሱም በዝቶ ነው፣ 4000 ቀን ይወጣዋል፣ ወደ 11 አመት። የ870 ኢቮ 250ው ደሞ 150 ቴራ ነው። ስለዚህ ፍላሹ አልቆ የሚሞት ርካሽ ኤስኤስዲ ብርቅ ነው። የሚሞቱት በሌላ ነው፣ ኮንትሮለሩ ይሄዳል፣ ወይ እየጻፈ ባለበት መብራት ድርግም ሲል ማውጫው ይበላሽበታል። እና ልብ በዪ፣ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ምልክት ይሰጥሻል፣ ኤስኤስዲ ግን ማታ ሰላም አድሮ ጠዋት ባዮስ ውስጥ ስሙ ላይኖር ይችላል። ዳታ ማስመለሱም ከባድ ነው፣ የተሰረዘ ፋይልማ ትሪም በሚባለው ነገር ምክንያት ወዲያው ከውስጥ ስለሚጠረግ ሪከቨሪ ሶፍትዌር ምንም አያገኝልሽም። ስለዚህ ከኤስኤስዲ ጋር ባክአፕ ግዴታ ነው፣ ጥሩነቱ ደሞ ያወጣሽው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ ኬዝ አድርገሽ ለዚሁ ስራ ታውዪዋለሽ።

ስትገዢ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ርካሾቹ ላይ ፋብሪካዎች ስሙን ሳይቀይሩ ውስጡን ይቀይራሉ። ክሩሻል ፒ2 የሚባለው ኤንቪኤምኢ 2020 ላይ ሲወጣ ቲኤልሲ ነበር፣ 2021 ላይ በዛው ስም ኪውኤልሲ ሆኖ መጣ፣ ገዢው ግን የሚያየው ከድሮ የተጻፈውን ጥሩ ሪቪው ነው። ይሄ ትክክል አይደለም፣ ሰው የሚገዛውን የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ የቆየ ሪቪው ላይ ሙሉ እምነት አትጣዪ፣ በዋስትናው አመት እና በመጻፍ አቅሙ አወዳድሪ፣ እነሱን ፋብሪካው በጽሁፍ ያስቀመጣቸው ናቸው።

ስሙን ሰምተሽ የማታውቂው ብራንድ 2 ቴራ በ240 ጊጋ ዋጋ ካለሽ ደሞ ጥለሽው ሂጂ። እንደዛ አይነቶቹ ውስጥ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፎ ተገኝቷል፣ ሶፍትዌሩ ተነክቶ ለዊንዶውስ 2 ቴራ ነኝ ይላል፣ ትጽፊበታለሽ፣ ከሞላ በኋላ በድሮው ላይ እየደረበ ያጠፋዋል። ክብደቱ ግን አያሳስብሽ፣ ትክክለኛውም ኤስኤስዲ በጣም ቀላል ነው፣ ሲከፈት ግማሹ ባዶ ሳጥን ነው። የገዛሽውን ምንም ሳትጭኚበት በፊት በኤችቱቴስት ሞክሪው፣ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ዲስኩን እስከ ጥግ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፣ የሌለ ቦታ ካለ ይናገራል። የዲስክ ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም በክሪስታልዲስክኢንፎ ደሞ ስንት ሰአት እንደሰራ ይታያል፣ አዲስ ተብሎ የተሸጠልሽ ሺ ሰአት ካለው አዲስ አይደለም።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጊ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀር ክፈቺና ዲስክ የሚለውን እዪ፣ ምንም ሳትሰሪ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰቀለ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ኤስኤስዲው ያድንሻል። ዲስኩ ዝም ብሎ ፕሮሰሰሩ ከሆነ 100 የሚለው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ራምሽ 8 ስለሆነ ደህና ነው፣ 4 ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን ጨምሪ እልሽ ነበር። ሁለተኛ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ያለውን ሃርድ ዲስክ እዪው፣ በቢጫ ማስጠንቀቂያ ካሳየ ነገ ዛሬ ሳትዪ የሚያስፈልጉሽን ፋይሎች አውጪ፣ ክሎን ለማድረግም (ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ) አትሞክሪ፣ የደከመ ዲስክ ሙሉውን ሲነበብ እዛው ሊቀር ይችላል።

ክሎን ላድርግ ወይስ አዲስ ዊንዶውስ ልጫን ለሚለው፣ አዲስ ጫኚ። የስንት አመት ኮተት ተሸክሞ አዲሱ ዲስክ ላይ መስፈር ምን ይጠቅማል። ክሎን የግድ ከሆነብሽ ክሎንዚላ አለ፣ ነጻ ነው፣ ግን 500 ጊጋ ዲስክን ወደ 240 ለማዛወር መጀመሪያ ፓርቲሽኑን (ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ማሳነስ ስላለብሽ ለጀማሪ አድካሚ ነው። ዊንዶውስሽ ኦሪጅናል ከሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፣ መጫኛውን ለማዘጋጀት 8 ጊጋ የዩኤስቢ ፍላሽ ይበቃሻል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ሪከቨሪ ኪውን አስቀድመሽ ያዢ፣ ያለሱ የድሮው ዲስክ ላይ ያለው አይከፈትልሽም። ደሞ እወቂው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፣ አምስተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ደሞ ዊንዶውስ 11 ከሚፈቅዳቸው ውስጥ የለም። ኤክስቴንድድ የሚባለውን የሴኪዩሪቲ አፕዴት መመዝገብ ወይ ሊነክስ ሚንት የመሰለ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም መሞከር ይቻላል፣ ኤስኤስዲ ላይ ሚንት ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ቀላል ሆኖ ነው የሚሄደው። ላፕቶፑን የምትቀይሪ ቢሆንም 2.5 ኢንቹ አይከስርም፣ ነገ ዴስክቶፕ ውስጥ ይገባል፣ ካልሆነም በኬዝ ኤክስተርናል ይሆናል።

ሲገጠም ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪው፣ ውስጥ ከሆነ ሶኬቱን ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀይ። ሃርድ ዲስኩ ዳርና ዳር በብሎን የተያዘ የብረት መያዣ ይኖረዋል፣ እሱን ፈተሽ ኤስኤስዲው ላይ ታስሪዋለሽ፣ ብዙ ሰው ይሄን መያዣ ከአሮጌው ዲስክ ጋር ያስቀምጠውና ኤስኤስዲው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ሶኬቱ ይላላል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ የሚሰካው በቀጭን ጠፍጣፋ ኬብል ነው፣ በጥፍርሽ ሶኬቱን ይዘሽ ሳቢ እንጂ ኬብሉን አትጎትቺ፣ ከተቀደደ በኋላ ኤስኤስዲው አልሰራም ተብሎ የሚመለሰው በሱ ነው። ባዮስ ውስጥ የሳታው ሞድ ኤኤችሲአይ መሆኑን እዪ፣ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዲፍራግ የሚያደርጉ ፕሮግራሞችን አትጫኚ፣ ዊንዶውስ ራሱ ኤስኤስዲ መሆኑን አውቆ የሚገባውን ያደርግለታል።

ሲዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደሞ በእሱ ቦታ በሚገባ ካዲ (የዲስክ መያዣ) ሃርድ ዲስኩን እዛው ላፕቶፑ ውስጥ ማስቀረት ይቻላል፣ ኤስኤስዲው ግን ሁሌም ዋናው ቦታ ላይ ነው የሚሆነው። ካዲው 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር የሚባል አለው፣ ሳትለኪ አትግዢ። እንደዛ ከሆነ 240ው በደንብ ይበቃሻል፣ 480 አያስፈልግሽም፣ ባክአፑ ግን ከላፕቶፑ ውጪ ሌላ ቦታ መሆን አለበት። ከጀርባው ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጻፊልኝና ካዲ የሚቀበል መሆኑን እና ውፍረቱን አይቼ እነግርሻለሁ።